የሻንቆ ድምፅ

ውሻዬን ሻንቆን ያገኘሁት ጫግኒ መናኸሪያ ነው፤ አርጅቷል ብሎ ባለቤቱ ጥሎት ሄዶ። ወደ እንጅባራ ይዤው መጣሁና አብረን መኖር ጀመርን። ኋላ ታዲያ ጩኸቱ እየሻከረ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ ምግብ መዋጥ እያቃተው መጣ። አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብዬ እጄን ጉሮሮው ውስጥ ስከት ጥርሱ ጣቴን ቧጨረኝ። ይህን ያዩት ጎረቤቴ አያ ታምሩ፣ «ልጄ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚወርድ ውሻ ምን እንደሆነ አታውቅም? አብዷል እኮ!» አሉኝ። ውሃ ልጠጣ ብርጭቆ ባነሳ የገዛ ጉሮሮዬ የተዘጋ መሰለኝ።

አፉን አስሬ በባጃጅ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሙ ጓንቱን እያጠለቀ፣ «ከጀመረው ስንት ጊዜው ነው?» አለኝ።

«ሁለት ወር ያልፈዋል።»

«ያበደ ውሻ ይህን ያህል አይቆይም» አለና አንገቱን ዳሰሰው። ከዚያ እጄን ይዞ ከጸጉሩ ሥር አስነካኝ። እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ቢገፉት የማይነቃነቅ እብጠት ነበር። «የእንቅርት ዕጢው ነው። ጉሮሮውን የተጫነው ይሄ ነው። ካንሰር ይመስለኛል።»

«ተመስገን!» አልኩ ሳላስበው። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። ሻንቆ ግን ደስ ያለኝ መስሎት ጅራቱን ይቆላ ጀመር።

በመርፌ የተወሰደው ናሙናም ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ፤ ሥር ስለሰደደ በቀዶ ጥገና አይወጣም ተባለ። እኔም ለጥንቃቄ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወሰድኩ። አሁን እንጀራውን በወተት አርሼ አጎርሰዋለሁ፤ ውጦ እስኪጨርስ ትንፋሼን እይዛለሁ።