ከራዲያተሩ ፊት የታሰረው ሰሌዳ

እኔ ዝናው እባላለሁ፤ ውጫሌ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ መኪና የማውቀው ሲበላሽ እንደሚቆም ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ወደ ደሴ ለመሄድ መንገድ ዳር ቆሜ ሳለ፣ አያ ሀሚዱ አሮጌ ጂፓቸውን አቁመው «ግባ እንጂ፣ መምህር» አሉኝ። ከጎናቸው የልጅ ልጃቸው ሳጂዳ ተቀምጣለች። ጓደኞቿ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በአውቶቡስ ደሴ ሲሄዱ እሷን ወባ ጥሏት ቀርታ ነበር። ፈተናው የሚሰጥበት የዩኒቨርሲቲ በር ደግሞ ለተፈታኞች አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከዘገየች ዓመት መጠበቋ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሐይቅ ሳንደርስ፣ ዳገቱ መሃል ላይ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ተትጎለጎለ። ወርደን ኮፈኑን ከፈትን። ያለፉት ሁለት ሚኒባሶች ጢም ብለው ሞልተው ስለነበር እጃችንን አይተው እንኳ አልቀነሱም።

አያ ሀሚዱ ጄሪካን አንጠልጥለው ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሲጠጉ ሳጂዳ እጃቸውን ያዘች።

«አባባ፣ አሁን አይክፈቱት። ፍል ውሃው ፊትዎን ይልጠዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ቢገባበት ደግሞ ሞተሩ ይሰነጠቃል።»

«ሰዓትሽ እየሄደ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ሞተሩ ከተሰነጠቀ ግን ጨርሶ አንደርስም። ግማሽ ሰዓት እንታገሥ።»

ግማሽ ሰዓት! ሰዓቴን አየሁ፤ ወዲያው ደግሜ አየሁ። ልጅቷ ግን ዞራ መኪናው ፊት ቆመች። እዚያ፣ ልክ ከራዲያተሩ ፊት፣ «ማሻአላህ» የተጻፈበት ሰፊ የቆርቆሮ ሰሌዳ ታስሯል።

«ይህ ይነሣ፣ አባባ።»

የአያ ሀሚዱ ፊት ተለዋወጠ። «አባትሽ ሙነወር ሊሞት ሰሞን በእጁ የጻፈው ነው። አይነሣም። መኪናዋ የምትሞቀው አርጅታ ነው እንጂ ሰሌዳው ምን አደረገ?»

«ሳይታሰር በፊትስ እንዲህ ትሞቅ ነበር?»

አያ ሀሚዱ ጎንበስ ብለው ሰሌዳውን ዳሰሱት።

«አንቱ እህል ሲያዘሩ» አለች ሳጂዳ፣ «ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሰው ቢቆምብዎትስ?»

«ገለባው አይለይልኝም። ዞር በል እለዋለሁ።»

«ራዲያተሩም እንደዚያው ነው። ውሃው ሙቀቱን ከሞተሩ ያመጣል፣ ነፋሱ ይቀበለዋል። ነፋሱን ከዘጉበት ያው ሙቀት ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ የቱንም ያህል ውሃ ቢጨምሩ ይፈላል። ደግሞ ይዩት፣ የአባቴን ጽሑፍ ጠጠርና ጭቃ በልቶታል። የአላህ ስም ያለበት ሰሌዳ ከላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ ዕቃ መጫኛው ፖርቶ መጋላ ላይ ቢወጣ አይሻልም?»

ይህን ብላ ሰዓቴን ሰርቃ አየች። ለካ እሷም እንደኔ ፈርታለች። አያ ሀሚዱ ሰሌዳውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ከላይስ ይሻላል» አሉ ቀስ ብለው። «ቢስሚላህ ብለሽ ፍቺው።»

ሰሌዳውን ፈትተን መኪናዋ አናት ላይ አሰርነው። ሳጂዳ በዚህም አላበቃችም። በራዲያተሩ ግራና ቀኝ ያለው ክፍተት ነፋሱን ወደ ጎን ያሾልከዋል ብላ፣ ከእግሯ ስር የነበረውን የጎማ ምንጣፍ በቢላዬ ቆርጣ፣ ማራገቢያው እንዳይነካው ከፊት በኩል ወትፋ በሽቦ አሰረችው።

«አዲስ ምንጣፍ ነበር» ብለው አጉረመረሙ አያ ሀሚዱ። ሽቦውን ግን ያዙላት።

ሞተሩ ሲበርድ ክዳኑን በጨርቅ ከፍታ ውሃ ሞላች፤ ተነሣን። ሐይቅን አልፈን ትልቁን ዳገት ስንጀምር ሦስታችንም ዓይናችን የሙቀቱ መርፌ ላይ ነው። መርፌዋ ከመሃል ትንሽ ከፍ አለች። እኔ ዱዓም ጸሎትም አልቀረኝም። መርፌዋ ግን እዚያው ቆመች።

ልማድን የሚወድ ሰው አይነቀፍም። ነገር ግን የወደድነውን ያለቦታው ስናኖር መተንፈሻ እንዘጋበታለን። ዛሬ አያ ሀሚዱ ውጫሌ መናኸሪያ ሾፌር ባገኙ ቁጥር ይመክራሉ፦ «ከራዲያተር ፊት ጌጥ አትሰር፣ ክፍተቱን ድፈን፣ ትኩስ ክዳን አትንካ። እኔ ስድስት ዓመት ጄሪካን ተሸክሜ ኖሬ፣ አሁን ሞተሬም ጊዜዬም ዳነ።»

ያን ቀን በሩ ጋ ስንደርስ ለአስራ አንድ ሰዓት ሰባት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ሳጂዳ ቦርሳዋን ይዛ ሮጠች፤ ዘበኛው ወረቀቷን አይቶ አስገባት። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተዘጋ። አያ ሀሚዱ ከመኪናዋ ወርደው፣ ቀና ብለው አናቷ ላይ ያለውን ሰሌዳ አዩ።

«ሙነወር፣ ልጅህ ገብታለች» አሉት።