ሐጂ ሐምዱን፣ ሰሊጡና የሙጫው ግራር

ሐጂ ሐምዱን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ፋሳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ሙጫ ግራሮቻቸው ሲወርዱ፣ አንድ ሰው ከትልቁ ዛፍ ሥር ተንበርክኮ አዩ። አጠገቡ ወፍራም የብረት ጣሳና የጋዝ ሲሊንደር ተቀምጧል። ገና ዝናቡ መቆሙ ነው፤ ዛፎቹ ሙጫ እንዲያወጡ ገና በፋስ አልተበጡም፤ የሚሰረቅ ሙጫ የለም። «ምን ዓይነቱ ደደብ ሌባ ነው!» አሉና ድምፃቸውን አጥፍተው ተጠጉ። ሌባው ቀና ሲል ሴት ሆኖ ተገኘ፤ ሴቲቱም የሟች ወንድማቸው ልጅ ኢንሷፍ ናት። እሳቸው ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ናት ብለው የሚያስቧት ልጅ፣ እዚህ ኮርዶፋን አሸዋ ላይ ቅርንጫፍ ይዛ ተንበርክካለች።

ፋሱን ጥለው አቀፏት፤ አቅፈው ሲያበቁ ተቆጧት። ሰው ከሎሪ ወርዶ ቤት ሳይገባ፣ ሻይ ሳይቀምስ፣ ዛፍ ሊጠይቅ ይሄዳል? እሷም ይቅርታ ጠየቀች፤ ፀሐይ ከወጣች ልኬቱ እንደሚበላሽባት ነገረቻቸው። የምን ልኬት እንደሆነ ግን ሐጂ አልጠየቁም፤ ሌላ የሚያንገበግባቸው ነገር ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ የኢንሷፍ አሳዳጊ እሳቸው ናቸው። ልጅቱ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ጨርሳ ለሁለተኛው ስታመለክት፣ «በቃሽ፤ የመንደራችን የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሪ አጥቷል፤ ነይና ያዥው» ብለው ጽፈውላት ነበር። የመጣችው ምርቃታቸውን ልትለምን ነው። ምርቃት ብቻም አይደለም፤ ለጥናቷ የእሳቸው ዛፎች ለአንድ በጋ ያስፈልጓታል።

«ዛፎቼን ነው የምትፈልጊው?» አሉ ሐጂ፣ በምሬት ሳቅ። «ለቅሶ ላይ ደረስሽ በይኛ። አራት ዓመት ሙሉ አንጀቴን አሳርረውኛል። ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ እበጣቸዋለሁ። በአርባ ቀን ሙጫ ካልሰጡ ከሰል ነጋዴው መኪናውን ይዞ ይመጣል።»

ኢንሷፍ ደነገጠች። እነዚህን ዛፎች የተከሉት አያቷ ናቸው። ቢሆንም ወዲያው ለሙግት አልቸኮለችም፤ ትልቅ ሰው እስኪጨርስ መጠበቅን ታውቃለች።

«ለመሆኑ» አሉ ሐጂ፣ «ይኼ ሁለተኛ የምትይው ትምህርት ስለ ምንድን ነው?»

«የዕፅዋት ፊዚዮሎጂ ይባላል፣ አጎቴ። ዛፍ እንዴት እንደሚጠጣ፣ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ ሲጠማውና ሲቆስል ምን እንደሚያደርግ የሚያጠና ነው።»

«ዛፍ እንዴት እንደሚጠጣ? በሥሩ ነዋ! ይኼን ፍየሌም ታውቃለች። ለዚህ ሁለት ዓመት?»

«ፍየሏ መጠጣቱን ታውቃለች፤ መጥገቡን ግን አታውቅም። እኔ የምማረው መጥገቡን ነው።»

ሐጂ ሊስቁ ዳድቷቸው ጢማቸውን ደባበሱ። እኔም እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሽማግሌዎቻችን በተማረ ሰው ላይ የሚያፌዙት ዕውቀት ጠልተው አይደለም፤ የተማረው መጥቶ ካወራላቸው በኋላ ማሳቸው እንደ ነበረ ስለሚቀር ነው። ሐጂ ሐምዱንም ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ነበሩ፤ እውነት ለመናገር አልፈርድባቸውም።

ኢንሷፍ ታዲያ ንግግሩን ትታ ሥራውን አሳየቻቸው። ከዛፉ ትንሽ ቀንበጥ ቆርጣ፣ የተቆረጠው ጫፍ ብቻ በክዳኑ ቀዳዳ እንዲወጣ አድርጋ ጣሳው ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ የጋዙን ቁልፍ ቀስ እያለች ከፈተች። ሐጂ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ጋዙ ገና ትንሽ ገፋ ሲያደርገው በጫፉ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ብቅ አለች። ሐጂ የሸሹትን ሦስት እርምጃ ተመለሱና ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይኸውልዎ» አለች። «ዛፉ ሲጠማው ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፤ ብዙ ካልገፉት አይሰጥም። ይኼ ግን ወዲያው ሰጠን። ጠግቧል፣ አጎቴ።»

«ቢጠግብ ታዲያ ምን ቸገረኝ? የጠገበ ነው የሚሰጥ። ፋሱን ጠለቅ ሳደርግበት ያለቅሳል፤ ሙጫ ማለት የዛፍ እንባ ነው። አባቶቻችን ያሉት ነው።»

«እንባ አይደለም፤ ማሸጊያ ነው። ዛፍ ሲቆስል ቁስሉን መድፈን አለበት። ውሃ ከጠገበ አዲስ ልጥ አብቅሎ ይድናል፤ ሙጫም አያወጣም። ከጠማው ግን ለልጡ አቅም ስለሚያጣ በሙጫ ያሽገዋል። ጠለቅ አድርገው ሲመቱት ደግሞ ሙጫው አይጨምርም፤ ዛፉ ይጎዳል እንጂ። ዛሬ ቢበጡት በከንቱ ማቁሰል ነው።»

ሐጂ ተቆጡ። አባታቸው በዚሁ ፋስ፣ በዚሁ ቀን እየበጡ ስድስት ልጅ አሳድገዋል። ታዲያ አባቴ ነው የተሳሳተው፣ ወይስ የአንቺ ጣሳ? ብለው ጠየቋት።

«አያቴ አልተሳሳቱም» አለች ኢንሷፍ ረጋ ብላ። «ግን በዚሁ ቀን ነበር ወይ? ቀኑን በምን ነበር የሚያውቁት?»

«በሰሊጡ ነዋ! ሰሊጥ ታጭዶ ነዶው በቆመ ማግስት ፋስ ይነሳል። የመንደራችን የኡም ጠለሓ ሕግ ነው፤ ሕፃን ያውቀዋል። እኔም ትናንት ነዶዬን አቁሜ ነው የመጣሁት።»

ኢንሷፍ ወደ ማሳው ዞር ብላ ነዶዎቹን አየች። «አያቴ የሚዘሩት ይኼንኑ ሰሊጥ ነበር?»

«የለም፤ ይኼ የገበሬ ማኅበሩ ከአምስት ዓመት በፊት ያከፋፈለን አዲሱ ዘር ነው። ተባረክ የሚያሰኝ ዘር ነው፤ ከአሮጌው አንድ ወር ያህል ቀድሞ...»

ሐጂ ንግግራቸውን አልጨረሱትም። አፋቸው እንደ ተከፈተ ነዶውን አዩ፤ ከዚያ ዛፉን አዩ። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው። በአባታቸው ጊዜ ፋስ ሲነሳ ቅጠሉ ወይቦ ሲረግፍ፣ እሳቸውም ልጅ ሆነው በደረቁ ቅጠል ላይ ሲሮጡ ትዝ አላቸው።

«ያ አላህ» አሉ ቀስ ብለው፣ አሸዋው ላይ ቁጭ እያሉ። «የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጥያለሁ።»

እንግዲህ ልብ በሉ። ሐጂ ልማዱን አልጣሱም፤ እንዲያውም አንዲት ቀን ሳያጓድሉ ጠብቀውታል። ሰሊጡ ሲቀድም እሳቸውም ተከትለውት ቀደሙ፤ ዛፉ ግን የሚያየው ሰሊጡን ሳይሆን ውሃውን ነውና ባለበት ቆየ። አባትየው ሰሊጡን ምልክት ያደረጉት በእሳቸው ዘመን ሁለቱ ስለሚገጥሙ ነበር። ልጅየው ምልክቱን ወርሰው ምክንያቱን ሳይወርሱ ቀሩ። መንደሩ በሙሉ እንደዚያው ነው፤ አንዱ የቡዳ ዓይን ነው ሲል፣ ሌላው ዛፎቹ አርጅተው ነው ሲል አራት ዓመት አለፈ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚሉት ለዚህ ነው።

ሐጂም በዚያው ጧት ውል ገቡ። ፋሱ ይሰቀላል። ኢንሷፍ በየሳምንቱ እየለካች «አሁን» እስክትል ይጠበቃል። ሙጫው ከመጣ ትማራለች፤ ካልመጣ ዛፎቹ ለከሰል ይሄዳሉ፣ እሷም ወደ ሴቶቹ ትምህርት ቤት። ኢንሷፍ እሺ አለች።

ጥበቃው ለሐጂ ከጾም የከበደ ነበር። ጎረቤታቸው ጁባራ ግራሮቹን በሙሉ ለከሰል ሸጦ በገንዘቡ ላም ገዝቷል። በየቀኑ ላሚቱን በአጥራቸው እየነዳ፣ «ሐጂ፣ ዛፍዎ ዛሬ ጠማኝ አለ ወይ? ካለ ሻይ ያፍሉለት እንጂ» ይላቸዋል። ሐጂ ቤት ገብተው የዓሲዳ ገንፏቸውን ሳይጨርሱ ይነሳሉ። በሦስተኛው ሳምንት ትዕግሥታቸው አልቆ ፋሱን ሊያወርዱ ሲሉ ኢንሷፍ በሩ ላይ ቆመች። አንድ ሳምንት ብቻ ለመነች፤ ጠብታዋ ቀድሞ ከወጣችበት ግፊት እጥፍ ተገፍታ እንኳ እንቢ እያለች እንደሆነ ነገረቻቸው። ፋሱ ተመልሶ ተሰቀለ።

በአራተኛው ሳምንት ቅጠሉ መርገፍ ጀመረ፤ ኢንሷፍም «አሁን» አለች። ሐጂ እሷ እንዳለችው ቅርፊቱን ብቻ ለስለስ አድርገው በጡ። ከዚያ በኋላ የቆጠሩትን አርባ ቀን አላህ ያውቀዋል። በአርባ አንደኛው ጧት ከትልቁ ዛፍ ሥር ቆመው ጮክ ብለው ተጣሩ። ኢንሷፍ ክፉ ነገር የደረሰ መስሏት በባዶ እግሯ ሮጣ ስትመጣ፣ አጎቷ የእርግብ እንቁላል የሚያህል ወርቃማ የሙጫ ጓል በመዳፋቸው ይዘው እንባቸው በጢማቸው ይወርዳል። ከፊታቸው ዛፉ ሁሉ አጊጧል። የልጅቱን ራስ ስመው፣ «ሂጂ፣ ተማሪ» አሏት።

ወሬው በመንደሩ ተዳረሰ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰው ሐጂን ከቦ ይጠይቃል፤ ሐጂም ጣሳውን እሳቸው የሠሩት ይመስል ያስረዳሉ። ሰሊጡን ለሰሊጥ ተዉት አሉ፤ ለዛፉ ቅጠሉን እዩለት፣ ከጠረጠራችሁ የሚያውቅ ጠይቁ። ቅርፊቱን እንጂ ሥጋውን አትንኩ። ይኼን ያደረገ ሙጫውን ያገኛል፣ ዛፉ ዕድሜ ይጨምርለታል፣ አሸዋውም ማሳውን አይውጠውም። ልጁን ያስተማረ ደግሞ አባቱን ተረዳ ማለት ነው፤ እኔ የአባቴ ልማድ የገባኝ በወንድሜ ልጅ ነው አሉ።

ጁባራ ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሰው ሲበተን ቀረብ አለ። ያ ተረበኛ ሰው መሬት መሬት ያያል።

«ሐጂ» አለ በመጨረሻ፣ «የኔዎቹም... ጠግበው ብቻ ነበር?»

ሐጂ ውሸት መናገር አልፈለጉም፤ እውነቱም ለጎረቤት የሚባል አይደለም። እጁን ያዙትና፣ «ዘሩን ከኔ ትወስዳለህ» አሉት። «ከነገ ጀምሮ አብረን እንተክላለን።»

«እስኪደርሱ ስድስት ዓመት ነው። ያኔ የሚበጡበትን ቀን ማን ይነግረኛል?»

ሐጂ ሐምዱን ወደ ሎሪው ማቆሚያ አዩ። ኢንሷፍ ሲሊንደሯን እያስጫነች ነው።

«አይዞህ» አሉት። «እስከዚያ ዶክተር ሆናለች።»