ለፕላዝማ የተለቀቀው የአጨዳ ዘፈን

የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ጭቃ ቀልድ አያውቅም። በሰኔ ወር አንድ እግር ጫማውን ጭቃው የዋጠበት ሰው፣ በጥቅምት ሩዝ በቅሎበት አገኘው ይባላል። በዓይኑ ያየ የለም፤ ያየ ሰው የነገረው ሰው ግን ሞልቷል።

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ማለቂያ፣ ቀድሞ በጣለው ዝናብ ከላቆጠው ከዚሁ ጭቃ ጋር ሲታገሉ ያረፈዱት የቀበሌው ገበሬ አያ አያልነህ ወረታ መግቢያ ላይ ባጃጅ አገኙ። ገብተው ሊቀመጡ ሲሉ ወንበሩን አንድ ትልቅ ጥቁር ሣጥን ይዞታል። ከሣጥኑ ኋላ አንዲት ወጣት አንገቷን ብቅ አድርጋ፦

«ይግቡ አባባ፣ ጠጋ አደርገዋለሁ። ድምፅ ማጉያ ነው» አለች።

«የማን ሠርግ ነው ልጄ? በዚህ ጭቃ ማን ይዳራል?»

«ሠርግ አይደለም። ለዛሬው ስብሰባ ነው። በፕላዝማው መስታወት እየተያየን ከየወረዳውና ከዞኑ ተገናኝተን ስለ ክረምት ዝግጅት ለምንነጋገርበት።»

አያ አያልነህ ግራ ገባቸው። የቀበሌያቸው ሰው መርጦ የላካቸው ለዚያው ስብሰባ ነው። የርብ ወንዝ የአፈር ክትር ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ተሸንቁሯል፤ ክረምቱ ሳይጠና ዶዘር መጥቶ ካልደፈነው ውሃው እንደ አምናው ሩዙንም የከብቱንም ድርቆሽ ጠርጎ ይወስዳል። አምና በዚያው ፕላዝማ ፊት ቆመው ግማሽ ቀን ተናግረው ነበር። ግማሽ ቀን የሚሉት እሳቸው ናቸው፤ አብረዋቸው የነበሩት ሩብ ሰዓት ይላሉ። መልስ አልመጣም፤ ውሃው መጣ። ከዚያ ወዲህ መንደርተኛው «ለመስኮት የተናዘዘው» እያለ ይስቅባቸዋል። ዘንድሮም ሳይሰሙ ቢመለሱ አገር ጥለው መጥፋት ነው የቀራቸው።

ወጣቷ ቢታንያ ትባላለች። ከአዲስ አበባ በመስከረም ተመድባ የመጣች፣ የፕላዝማውን መሣሪያ የምትንከባከብ ባለሙያ ናት። የመጡበትን ስትሰማ ደስ አላት፤ በስብሰባው ላይ ዘፈን እንደምትለቅ ስትነግራቸው ግን እሳቸው ተቆጡ።

«እኔ አቤት ልል ነው የምሄደው፤ አንቺ ልትዘፍኝ! ሩዙን ውሃ የወሰደበት ሰው እስክስታ እየመታ ነው እንዴ የሚያመለክት? ነገሬን ልታቃልዪብኝ ነው!»

«እንዲያው ልጠይቅዎ አባባ። አምና እርስዎ ሲናገሩ እነዚያ ምን ያደርጉ ነበር?»

«አንዱ ያዛጋል። አንዷ ወረቀት ታገላብጣለች። አንዱ ደግሞ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ።»

«መስመር ሲቋረጥ ምስሉ እንዲያ ይቆማል።»

«ምን ላውቅ! እኔማ ነፍስ ይማር ብዬ ነው የቀጠልኩት።»

ባለባጃጁ ከት ብሎ ሳቀ፤ ባጃጁም አብሮት ተንገጫገጨ። ቢታንያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፦

«ያ ስብሰባ አራት ሰዓት ይፈጃል። ሰው ገብቶ እንደ ለቅሶ ቤት ተፋጦ ይጠብቃል፤ የእርስዎ ተራ ሲደርስ ግማሹ አንቀላፍቷል። እኔ ቀኑን ሙሉ አላዘፍንም። ከመጀመሩ በፊት ትንሽ፣ በዕረፍቱ ትንሽ፣ ተናጋሪ ሲለወጥ አንድ ምት። ሰው ሲናገርማ ዝም ነው» አለች።

«ሥራ ሥራ ነው፤ ዘፈን ዘፈን ነው።»

«ሩዝ ስታጭዱ ዝም ብላችሁ ነው?»

«ዝም ብለን? ወገብ ይቆረጣል እንጂ! በደቦ ወጥተን አውራጁ ግጥሙን ያወርዳል፣ እኛ እንቀበላለን፣ ማሳው ሳናውቀው ያልቃል።»

«ታዲያ አጨዳው ቀለለ ወይስ ተቃለለ?»

አያ አያልነህ ነገሩ ወደ እሳቸው ሲዞር አዩት፤ እንዳይሸሹት ባጃጁ ጠባብ ነው።

«እሱ ሌላ» አሉ፣ አገጫቸውን እያከኩ። «እዚያ ተቀባዩ አጠገቤ ነው። የአንቺዎቹ መስታወት ውስጥ ናቸው።»

«ለሩቅ ተቀባይማ ይብሳል። አውራጁ መሰማቱን በምን ያውቃል?»

«ሲቀበሉት ነዋ።»

«አምና ማን ተቀበለዎት?»

አያ አያልነህ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ባጃጁ ከወረዳው መሥሪያ ቤት በር ሲቆም፣ ከዚያች ልጅ ጋር ስለ ምን ሲከራከሩ እንደመጡ ራሱ ተምታቶባቸዋል።

አዳራሹ ሞልቷል። ፕላዝማው ለአራት ተከፍሎ በየሩቡ የደረቁ ፊቶች ተደርድረዋል። ቢታንያ ጥቁሩን ሣጥን ከአያ አያልነህ ፊት ካለው ማይክሮፎን አጠገብ አገናኝታ በኅዳር ከማሳ የቀዳችውን የአጨዳ ዘፈን ለቀቀችው። መጀመሪያ አንዷ ከወረቀቷ ቀና አለች። ቀጥሎ የአምናው አዛጊ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። ግን ነገሩ ልክ አልመጣም፤ ከበሮው እዚህ ይወድቅና ትከሻው እዚያ ቆይቶ ይከተላል። ድምፅ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ለመድረስ ጥቂት እንደሚዘገይ አያ አያልነህ አያውቁም። አላስችል ብሏቸው ጮኹ፦

«ኧረ እነዚህ ሰዎች ምት አይዙም! ከበሮው ካለፈ በኋላ ነው የሚንቀጠቀጡት!»

አዳራሹ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ፕላዝማው ሳቀ። ከማዶ የዞኑ ሰብሳቢ ዓይኑን እየጠረገ፦

«ምት አይዙም ያሉን አባት ማን ናቸው?» አለ።

አያ አያልነህን ላብ አጠመቃቸው። ወደ ቢታንያ ዞረው በሹክሹክታ፦ «ሰማኝ እንዴ? አምና ግማሽ ቀን ስለምነው ያልሰማኝ፣ ዛሬ ስሰድበው ይሰማል?»

«አምና እንዴት አድርገው ነበር የተናገሩት? ያሳዩኝ።»

ቀይ መብራት ወደበራበት ማይክሮፎን እጃቸውን ዘረጉና ጠቅ አድርገው አጠፉት። «እንዲህ። ቀይ ሲበራ ቁም ማለት ነው ብሎ ሾፌር ነግሮኛል። በሥርዓት አጥፍቼ ነው የተናገርኩት።»

ቢታንያ ቀስ ብላ መልሳ አበራችው። «አባባ፣ ድምፅዎ የሚሄደው ቀዩ ሲበራ ነው።»

አያ አያልነህ ጣታቸውን አዩት። ሩዙ፣ ድርቆሹ፣ የዓመቱ ሹፈት፣ ሁሉም በዚያች ጣት የመጣ ነው።

«ዘፈኑ አምና ኖሮ ቢሆን…» ብለው ጀመሩ።

«ማይክሮፎኑ ሲጠፋ ዘፈኑም አይሄድ፤ የማዶዎቹ ትከሻ ቀጥ ሲል ድምፅዎ እንዳልደረሰ እርስዎ ያውቁ ነበር።»

ተራቸው ሲደርስ አንድ ምት ተመታ፤ ሰው ሁሉ ቀና አለ። አያ አያልነህ እንደ አውራጅ አንዲት ቃል አወረዱ፦

«ክትራችን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች አሥራ ሁለት ክንድ ተሸንቁሯል።»

ቆሙ። አንድ ትንፋሽ ጠበቁ። አምና ቢሆን ዝምታው አስደንግጧቸው ይለፈልፉ ነበር፤ አሁን ቃሉ መንገድ ላይ መሆኑን ያውቃሉ።

«ሰምተናል አባት» አለ ሰብሳቢው። «ዶዘር በዚያ ጭቃ ይገባል?»

«እስከ ሰኔ አምስት ይገባል። ከዚያ ወዲያ ዶዘሩን የሚያወጣ ሌላ ዶዘር ትልካላችሁ።»

ከሳቁ በኋላ ሰብሳቢው ጻፈ። «ሰኔ ሦስት እንልካለን።»

«ሲጽፉ አየሁዎ!» አሉ አያ አያልነህ፤ አዳራሹ አጨበጨበ።

ዶዘሩ ሰኔ አራት መጣ። በነሐሴ ርብ ሞልቶ ተነሣ፤ ክትሩን ላሰ፤ ተመለሰ። ሩዙ በሥሩ ቆሞ ዋለ።

በእሑዱ መንደርተኛው ከበባቸው። ጎረቤታቸው ሙናዬ ሳቅ እያለች፦ «እንግዲያ አያ፣ ዶዘሩን የጎተተው ዘፈኑ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ዘፈን ዶዘር አይጎትትም» አሉ ኮራ ብለው። «ሰዉ እንዳያንቀላፋ አደረገው፤ ፊቱን ፈታው፤ ተራችንን አሳወቀን፤ ከሁሉ በላይ ለግድግዳ እንዳንጮህ መሰማታችንን ነገረን። ከእንግዲህ ሳይዘፈን የሚጀመር የፕላዝማ ስብሰባ አልገባም። ድምፄ በሽቦ ገብቶ በሰው ትከሻ እንዴት እንደሚወጣ ግን አትጠይቂኝ፤ እሱ ለቢታንያም የገባት አይመስለኝም።»