የቀፎው ዛፍ

ማሻ አጠገብ ባለው ጫካችን የእርሻ መንገድ ሊያወጡ ዛፍ ቆራጮች የመጡ ቀን፣ የባሌ ወንድም የሰፈሩን ወንዶች አሰባስቦ፣ ገጀራ ይዞ ቆራጮቹ ፊት ቆመ። «ይቺን ዛፍ ብትነካ እጅህን ጥለህ ትሄዳታለህ!» አለው ባለመጋዙን። ባለመጋዙም እልህ ይዞት ሞተሩን አስነሳ። እኔ ልጄን አዝዬ ከኋላ ነበርኩ። ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ግን ደም ሊፈስ ሆነ። ጠጋ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ወንድሜ፣ አገርህ የት ነው?»

«ጌጫ።»

«አባትህ ቀፎ ይሰቅላሉ?»

መጋዙን እንደያዘ ዞር ብሎ አየኝ።

«እስቲ ቀና በል።»

ቀና ሲል ቅርንጫፉ ላይ ሦስት ቀፎ ተጋድሟል። ሞተሩን አጠፋው። «የቀፎ ዛፍ ቆረጠ ከተባልኩማ አባቴ ቤት አያስገባኝም» ብሎ አለቃውን ጠራ።

አለቃውም አይቶ፣ «በሉ፣ የቀፎ ዛፎቹን አሳዩን፤ መንገዱን እናዞረዋለን» አለ።

«ከሰባተኛ ክፍል የቀረች ምን ታውቃለች» ይለኝ የነበረው የባሌ ወንድም፣ ገጀራውን አስቀምጦ ምልክት የምናደርግበትን ቀለም ተሸክሞ ሲከተለኝ ዋለ። የየዛፉን ቀፎ ባለቤት ስም ወረቀት ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። መንገዱ እዚያ ጋ ዛሬም ይጠመዘዛል። በዚያ ሳልፍ አልቸኩልም።