የስድስተኛው መብራት ብሎን

እስቲ አንዴ ጸጥታ! ያቺን መዶሻ አቀብሉኝ… አመሰግናለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስቀጠቅጥ ማንም ዞር ብሎ አይቶኝ አያውቅም፤ ዛሬ ሁላችሁም አያችሁኝ። ጥሩ ነው።

ጋሽ ድጋሚ፣ የዛሬው ተሸኚ፣ አንተ ተቀመጥ። እትዬ፣ ባልሽን ያዢልን፤ ይሄ ሰው ጣሪያ ላይ አሮጌ መብራት ካየ መሰላል ፍለጋ ይነሳል።

የመጣበትን ቀን የምናስታውሰው እኔና አለቃችን ብቻ ነን። ዝናቡ ጉድ ነው። በሩ ተከፈተና ጭንቅላቱ ላይ የፋብሪካ መብራት ቆብ የደፋ ሰው ገባ። ያ ትልቁ፣ አረንጓዴው፣ የብረቱ። ዝገቱ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ፊቱ ላይ ይወርዳል። «ከየትኛው ጦር ሜዳ ነው ያመለጥከው?» አልኩት። እሱ መሀረቡን አውጥቶ መጀመሪያ ቆቡን አደረቀ፣ ከዚያ ፊቱን። አለቃችን ይህን አዩና «ነገ ሥራ ጀምር» አሉት። በቃ! ስሙን እንኳ ሳይጠይቁት! እኔ እዚህ ቤት ለመግባት ሦስት ማመልከቻ ጽፌ፣ ሁለት አማላጅ ልኬ፣ አራት ወር ወለል ጠርጌያለሁ። ቅናቴ የተወለደው ያን ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ይኸው ዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው፣ ለአቅመ አዳም ደርሷል።

ሥራችንን ለማታውቁ እንግዶች ልንገራችሁ። ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ የባቡር መጠገኛ ሊፈርስ ሲል ሄደን አሮጌ መብራቶቹን እንሰበስባለን። ዝገቱን እንፍቃለን፣ ሽቦውን እንቀይራለን፣ መልሰን እናበራለን። እኔም እሱም የምንሠራው ይህንኑ ነው። ግን አንድ ቀን ጥላሸት የመሰለ መብራት አመጣን። ገልበጥ አድርጎ አየውና «ይሄ ከዱቄት ፋብሪካ ነው የመጣው» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«ቆይ» ብሎ መርፌ አነሳ። ከብሎኑ ሥር ሲጭር ነጭ ዱቄት ወጣ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም እጄን እስኪያመኝ አጨበጨብኩ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ያገኘሁትን መብራት ሁሉ በመርፌ ስወጋ ሰነበትኩ። የወጣልኝ አንድ የደረቀ በረሮ ነው። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይሄ ከበረሮ ፋብሪካ ነው የመጣው።» ሁላችሁም እኮ ነበራችሁ፣ ስትስቁብኝ!

ስልክ ይደወላል፣ አነሳለሁ። «ያ ጎበዙ ሰውዬ አለ?» ምን ልበል? «የለም፣ ሰነፉ ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?»

የልጄ የሠርግ ፎቶ ቤቴ ተሰቅሏል። ፎቶው ላይ ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ያያል፣ እሱ ጣሪያ ያያል። በሳምንቱ የአዳራሹን አሮጌ መብራቶች አስወርዶ ጠገናቸው፣ አሳምሮ ሰቀለላቸው። አሁን ዘመድ ስለዚያ ቀን ሲያወራ «መብራቶቹ የተገኙበት ሠርግ» ነው የሚለው። የማን ልጅ እንደተዳረች የሚያነሳ የለም።

ከሁሉ የባሰችው ግን «ድጋሚ» የምትለው ቃሉ ናት። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሁላችን ካፖርት ለብሰን በር ላይ ቆመናል። እሱ ካቻቪቴውን ይዞ «ድጋሚ ልየው» ይላል። ያጠበቀውን ብሎን ያጠብቃል። «ጋሼ፣ አውቶቡስ አመለጠን!» «አውቶቡስ ሌላ ይመጣል። ብሎን ግን ይረሳል።» ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ድጋሚ ብዬ። ዛሬ የሽኝት ካርዱ ላይ ዋናውን ስሙን ለመጻፍ ፋይል አገላብጠናል።

እሺ፣ ሳቁ ይብቃ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እኔ ግን ስጠጣ የዋልኩት ለስላሳ ነው፤ የምናገረውን አውቄ ነው የምናገረው።

ይሄ ሰው ሲመጣ ድጋሚ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። አንዴ ያጠብቃል፣ ይተዋል። በቅርብ የተቀጠራችሁ ይህን አታውቁም። የጀመረው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በባቡር መጠገኛው መብራቶች ነው።

ስድስት ነበሩ። ከዚያ ከፍተኛ ጣሪያ ያወረድናቸው አብረን ነው፤ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ያመኛል። ሥራውን ለእኔ እንዲሰጡኝ አለቃችንን ጠይቄ ነበር። ለምኜ ነበር ማለት ይሻላል። ለእሱ ሰጡት። ሠርቶ ሲጨርስ… ምን ላድርግ፣ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። አዲስ ሊያስመስላቸው አልሞከረም። ጭረታቸውን ትቶ፣ የተቀባባቸውን ቁጥር ትቶ፣ ዝገታቸውን ብቻ ነው የወሰደው። እርር ድብን አልኩ።

የዚህን ቤት ደንብ ታውቃላችሁ፤ የጠገነ አያበራም። ማብሪያውን የሚጫነው የጠረጴዛ ጓደኛው ነው። የጠገነው ወደ ግድግዳው ዞሮ ብርሃኑ እንዴት እንደሚያርፍ ያያል። ሠሪ መብራቱን ካየ ሥራውን ያደንቃል እንጂ ጉድለቱ አይታየውም ይላሉ አለቃችን። ስለዚህ የእሱን ሥራ ሁሉ ያበራሁት እኔ ነኝ። እሱ ግድግዳውን ሲያይ፣ እኔ ሰው በእሱ ሲደነቅ አያለሁ።

ያን ቀን ለምሳ ሲወጣ የስድስተኛውን መብራት ክዳን ከፈትኩና ሽቦውን የሚይዘውን ብሎን አላላሁት።

ጋሼ፣ አትነሳ። ልጨርስ። እትዬ፣ ያንን ጠርሙስ መወርወርሽ ካልቀረ እስክጨርስ ታገሺኝ።

ደንበኛው እንግዶቹን አስከትሎ መጣ። ጋሼ ወደ ግድግዳው ዞረ። አንደኛውን ተጫንኩ፣ በራ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ስድስተኛው እንቢ አለ። ግድግዳው ላይ የቀረውን ጨለማ ሲያይ ትከሻው ዝቅ አለ። መሰላል ላይ ወጣ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ብሎኑን አገኘው። ወርዶ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ረስቼው ነው» አለ። ማንንም አልጠረጠረም። እኔን እንኳ! እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው እኔን ነው። ደስታዬ አውቶቡስ ፌርማታ እስክደርስ እንኳ አልቆየልኝም። በማግሥቱ «ድጋሚ ልየው» ማለት ጀመረ። እኔም ፊቴን በጨው ታጥቤ ስም አወጣሁለት።

አሥራ አንድ ዓመት «ቀልድ ነው» ብዬ ራሴን እያታለልኩ ኖርኩ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ግን ጠራኝና ያንን ማንም የማይነካውን የመሣሪያ ሳጥኑን ሰጠኝ። ከመጣ ቀን ጀምሮ ዓይኔን የጣልኩበት ሳጥን ነው! «ውሰደው፣ እኔ ከእንግዲህ አልጠግንም» አለኝ። ነገሩ ግራ ገብቶኝ ቤቱ ሄድኩ። እትዬ በር ላይ አገኘችኝ።

«ቤት ያጠራቀማቸውን አሮጌ መብራቶች ሁሉ ለሰው ሊሰጣቸው ነው» አለችኝ።

«ጡረታ ስወጣ እነሱን ነው የምጠግነው ይል አልነበር እንዴ?»

«እጁን አያምናትም። ከዚያች ከስድስተኛዋ መብራት ወዲህ እጄ ትረሳለች ይላል። ለጡረታው ሁለት ዓመት እየቀረው የሚወጣውም ለዚሁ ነው፤ አንድ ቀን ብሎን ሳላጠብቅ ቀርቼ መብራቱ ሰው ላይ ይወድቃል ብሎ።»

ጋሼ፣ ስማኝ። እጅህ አልረሳችም። አንድም ቀን ረስታ አታውቅም። አንተ አጥብቀኸው ነበር፣ ያላላችው የእኔ እጅ ናት።

እዚያው በር ላይ መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ። ኋላ ደግሞ በሰው ፊት የነጠቅሁህን በሰው ፊት ልመልስልህ አልኩ። ያን ቀን ይቅርታ የጠየቅከው ባላጠፋኸው ነው። ያ ይቅርታ የእኔ ነበር፤ ይቅርታ አድርግልኝ። አለቃችን፣ እርስዎም። ነገ ካባረሩኝም ግድ የለም፣ ማመልከቻ መጻፍ እችልበታለሁ።

ላመሰግንህም ነው የቆምኩት። ዝገትና ዕድሜ አንድ እንዳልሆኑ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እናቴ ታማ ሆስፒታል በከረምኩበት ወር የእኔን ሥራ ሁሉ ጨርሰህ፣ በእኔ ስም አስረክበህ ጠበቅከኝ። ሰው እንዴት እንዲህ ደግ ይሆናል ብዬ በዚያም ቀናሁብህ። ዛሬም እቀናብሃለሁ፣ የተውኩ እንዳይመስልህ! ከነገ ጀምሮ ማንም ሳያጣድፍህ መብራቶችህን ፀሐይ ላይ ደርድረህ ትጠግናለህ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ «ጎበዙ የለም» እላለሁ።

ሳጥንህ ይኸው። አልወስደውም። አንዷ ትንሿ ካቻቪቴ ጎድላለች፣ እኔ ጋ ናት። ቅናት በአንድ ቀን አይለቅም።

አሁን ብርጭቆ አንሱ። ከጠረጴዛው ላይ ያንን ጨርቅ ግለጡልኝ። አወቅከው፣ ጋሼ? በዝናብ ደፍተኸው የመጣኸው ቆብ ነው። «ጊዜ ሳገኝ» እያልክ ስንት ዘመን እዚሁ ጣሪያ ሥር ሰቀልከው። እኔ ሽቦና አምፖል ገጥሜ ጠገንኩት። ጭረቱን አልነካሁም።

ለጋሼ ዕድሜና ጤና! ለእትዬ፣ ቤቱን ዝገት ሲሞላው፣ ትዕግሥት! ሳሎናችሁ ደግሞ ከእኔ ሳሎን ትንሽ ብቻ የደመቀ ይሁን!

ማብሪያው ያው አጠገብህ ነው። የጠገነ አያበራም። ክዳኑን ከፍተህ ብሎኔን ልየው ካልክ እየው፣ እኔን አለማመን መብትህ ነው። እጅህን ግን እመናት። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬያለሁ። አብራው፣ ጋሼ።