ለተኛ ሰው ያልሰበኩት እማማ ጠብታ

የተከበራችሁ ኀዘንተኞች፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ በተለይም ሁለት ቀን ሙሉ በጭነት መኪና ተንገላታችሁ የደረሳችሁ የመንደሩ ሰዎች፤ ዛሬ አፈር የምናለብሳቸውን የእማማ ጠብታን የሕይወት ታሪክ የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ድምፁ ቢቆራረጥ ይቅር በሉት።

እማማ ጠብታ ከአናጢ አባታቸውና በሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው የተወለዱት የዛሬ ስድሳ ስምንት ዓመት ሲሆን፣ የቤቱ የበኩር ልጅ በመሆናቸው እናታቸው ሥራ ሲውሉ ታናሽ ወንድማቸውን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ይኸው ወንድም እስከ አምስት ዓመቱ ድረስ ከጀርባቸው አልወርድም እያለ ሰፈሩን ሲያስቅ እንደ ነበር የሚያስታውሱ ጎረቤቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ትምህርታቸውን በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ጀምረው፣ ያዩትን የማይረሱ ልጅ ስለነበሩ በየክፍሉ ደረጃ እየያዙ ካጠናቀቁ በኋላ፣ እናታቸው አንሶላ ባጠቡበት በዚያው ሆስፒታል ነርስነት ተምረው በማዕረግ ተመረቁ።

ወንጌልን ላልሰሙት ለማድረስ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይመኙ ስለነበር፣ በሃያ ስድስት ዓመታቸው የቤተ ክርስቲያኑ የተልእኮ ኮሚቴ ነዋሪዎቹ በሙሉ ሙስሊሞች ወደሆኑበት፣ መኪና በበጋ ብቻ ወደሚገባበት መንደር ሲልካቸው ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። እዚያም የቆርቆሮ ክሊኒክ፣ አራት አልጋና አንድ የክትባት ሣጥን ተረክበው ሥራ ጀመሩ። በሕፃናቱ አፍ ክትባቱን ጠብ ጠብ ሲያደርጉ ያዩ እናቶች ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ትተው «ጠብታ» አሏቸው፤ እሳቸውም ስሙን ስለወደዱት እስከ ዕለተ ሞታቸው ተጠሩበት።

በመጀመሪያው ዓመት እማማ ጠብታ እንደ ተማሩት ጠዋት ጠዋት በአራቱ አልጋዎች መካከል ቆመው ይሰብኩ ነበር። አንድ ቀን ግን የመንደሩ ኢማም፣ ያኔ ገና ጎልማሳ ነበሩ፣ ጉሉኮስ ተደርጎላቸው የተኙትን እናታቸውን ሊጠይቁ መጥተው ስብከቱን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ እማማ ጠብታን ወደ ደጅ ጠሯቸው። አልተቆጡም። እናታቸው ክንዳቸው ላይ መርፌ ተሰክቶ ሳለ፣ መስማት ባይፈልጉ ተነሥተው ወዴት ሊሄዱ እንደሚችሉ ብቻ ጠየቋቸው፤ መነጋገር ካስፈለገም ሁለቱም ቁጭ ብለው ይነጋገሩ፣ የሰለቸው ተነሥቶ ይሂድ አሉ። እማማ ጠብታም ከዚያን ቀን ጀምሮ ለተኛ ሰው ላይሰብኩ ቃል ገቡ።

ይሁን እንጂ እምነታቸውን አንድም ቀን አልሸሸጉም። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በኢማሙ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እሳቸው ስለ ክርስቶስ፣ ኢማሙም ስለ ነቢያቸው እየተናገሩ፣ አንዱ ሌላውን ሳያሳምን አርባ ዓመት ያህል ተከራከሩ። ከዚያ ወንበር ሁለቱን ማስነሣት የምትችለው ምጥ የያዛት ሴት ብቻ ነበረች።

የዛሬውን ኀዘንተኛ ባለቤታቸውን ያገኙትም እዚያው መንደር ነው። ባለቤታቸው ከከተማ የሚላኩ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ሲሆኑ፣ ጤነኛው ፓምፕ በወር ሦስት ጊዜ «እየተበላሸ» ሲያስጠራቸው መንደሩ ነገሩ ገብቶት ዝም ብሎ ይስቅ ነበር። በወግ በማዕረግ ተጋብተውም ዛሬ የፋርማሲ ባለሙያ የሆነችውን አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ኮሚቴው በየሦስት ወሩ በሚልከው ቅጽ ላይ «ቃሉን የሰሙ ሕሙማን» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። እማማ ጠብታ በዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ «ተኝተው ነበር» ብለው ይጽፉ ነበር። ኮሚቴው በመጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ መከራቸው፣ በመጨረሻም ተቆጣ፤ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት በወንጌል አፍረዋል ተብለው በአንድ ገጽ ደብዳቤ ከአገልግሎት ተሰናበቱ። ያን ደብዳቤ የጻፈውና የፈረመው በወቅቱ የኮሚቴው ጸሐፊ የነበረው፣ በጀርባቸው ያደገው ታናሽ ወንድማቸው ነው።

እሳቸው ግን መንደሩን አልለቀቁም። የጤና ቢሮው በተራ የክትባት ሠራተኝነት ስለቀጠራቸው፣ ሣጥኑን በትከሻቸው አንግተው ከመንደር መንደር በእግራቸው እየተጓዙ፣ ተቅማጥና ትውከት በገባበት ክፉ ዓመትም አሥራ አንድ ቀን ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ሕሙማንን እያነሡ፣ ሠላሳ ዓመት አገለገሉ። ለወንድማቸውም በየዓመቱ ይጽፉለት ነበር። ስለ ስንብቱ አንዲት ቃል ሳያነሡ፣ ጉንፋኑ ለቅቆት፣ ጥርሱንም ታክሞ እንደ ሆነ ይጠይቁት ነበር። እሱ አልመለሰላቸውም። ለሰው ሥራ በዛብኝ ይል ነበር፤ ውሸቱን ነው፣ አፍሮ ነው።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው በመድከሙ ለሕክምና ወደዚህ ከተማ፣ ወደ ልጃቸው ቤት መጡ። ሕመማቸው መጽናቱን የሰሙት ኢማም በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ በማይታዘዝ ጉልበታቸው፣ ሁለት ቀን ተጉዘው መጥተው ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጡ። ወንድማቸው የሚኖረው ከልጃቸው ቤት ሁለት የአውቶቡስ ፌርማታ ርቆ ነው፤ የደረሰው ግን ኢማሙ ከደረሱ ከአምስት ቀን በኋላ ነው።

ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር የመጣው። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ ነገር እንዲህ በቀላሉ አይወጣምና፣ ኮሚቴው ምን አስቦ እንደ ነበር፣ ጊዜው ምን ይመስል እንደ ነበር፣ ጥቅስ እየጠቀሰ ማስረዳት ጀመረ። እማማ ጠብታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ሊያዞሩ ሞክረው አቃታቸው። ይህን ያዩት ኢማም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጠብታ እኮ ተኝታለች» አሉት። ወንድማቸው የጀመረውን ጥቅስ አቋረጠ፤ እማማ ጠብታም እጃቸውን ከአንሶላው ሥር አውጥተው የአልጋውን ጫፍ መታ መታ አደረጉለት፤ እንዲቀመጥ ነው። ተቀመጠ።

ትራስ ተደግፈው ቀና ሲሉ ይቅርታውን ሊነግራቸው ቆርጦ፣ ሥራውን ትቶ ሦስት ቀን ጠበቀ። ባለቤታቸው ትራሱን ደራርበው ሁለት ጊዜ ሊያስቀምጧቸው ሞከሩ፤ አልሆነም። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን፣ ልጃቸው እግራቸውን ይዘው ሳሉ፣ ዐረፉ። ኢማሙ በዚያ አልጋ አጠገብ በተቀመጡበት ጊዜ ሁሉ ስለ ሃይማኖት ትንፍሽ አላሉም።

እማማ ጠብታ ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንድ ታናሽ ወንድማቸውን፣ በእጃቸው ጠብታ ቀምሰው ያደጉ የስንት መንደር ልጆችን፣ እንዲሁም ከእንግዲህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ ግራ የገባቸውን ወዳጃቸውን ትተውልን ሄደዋል።

መርሐ ግብሩ ከዚህ በኋላ አንባቢው ስብከት ያቀርባል ይላል። ስብከቱ ኪሱ ውስጥ አለ፤ እዚያው ይቆያል፣ እኅቱ ተኝተዋልና። እናንተ ግን ቆማችኋል፤ የሰለቸው መሄድ ይችላል። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እትዬ በወንጌል አላፈረችም፤ ያፈርኩት እኔ ነኝ፣ በእሷ። በድያታለሁ።

ቸሩ አምላክ የእማማ ጠብታን ነፍስ ተቀብሎ ከቅዱሳኑ ጋር በቀኙ ያስቀምጥልን። ያን ጊዜ፣ ተቀምጣ ሳለች፣ ለእሷ እነግራታለሁ።