የሱሩር ላንድሮቨር ዳግም የተነሳች ቀን

በእኛ ዘመን፣ ልጆቼ፣ መኪና እንደ ሰው ይታወቅ ነበር። "የሱሩር ላንድሮቨር መጣች!" ከተባለ ቡታጅራ ገበያ ያለው ሁሉ ዞር ይላል። ሱሩር ባሌ ነው፣ ይኸው አጠገቤ የተቀመጠው። ያኔ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሌላ መኪና አይደፍረውም፣ ታዲያ እሱ ከደጋው ከአረቅጥ ድንች ጭኖ፣ ድንቹ ላይ ሰው ጭኖ፣ ሰው ላይ ዶሮ ጭኖ ይመጣል!

እና መኪናዋም አረጀች፣ እኛም አረጀን። ጓሮ እንሰቱ ስር ቆመች፣ ዶሮ እንቁላል ጣለባት። ኋላ ሱሩርን ያ ስትሮክ የሚሉት መታውና እግሩንም ምላሱንም ያዘው። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፣ ምላሱ ግን እምቢ አለ። "እህ" ብቻ። ሲርበውም "እህ"፣ ሲያመውም "እህ"። ሐኪሙም "እናቴ፣ ይህን ያህል ቆይቶ ይናገራል ብዬ አልዋሽዎትም" አለኝ። ምን ልበል? አልሐምዱሊላህ ብዬ ይዤው ገባሁ።

ታዲያ ልጃችን ራህማ ሜካኒክ ናት፣ ጋራዥ ነው የምትሠራው፣ አንድ ቀን መጥታ "እማ፣ የአባን መኪና ላስነሳት ነው" አትለኝም!

"ምን ሊረባሽ? ዝገት እኮ ናት!"

"ድምጿን ይስማ። እሱ ባይናገር እሷ ትናገርለት።"

ጀመረች። ፍሬኑም፣ ሽቦውም፣ ሁሉም ተራ በተራ ተሠራ፣ እና ያስቸገረቻት ካርቡራተሯ ሆነች። ካርቡራተር ማለት፣ ለማታውቁት፣ ቤንዚንና አየር ለክታ ሞተሩን የምታጎርሰው ናት። ራህማ ፈታታ ሳህን ላይ ዘረገፈቻት፣ የእኔ ሳህን ላይ! "እይ እማ፣ ዘንጓ ተበልቷል፣ ይወዛወዛል። የዚህችም መርፌ ጫፏ ተበልቷል።" መርፌዋ ቤንዚኑ ሲሞላ ቀዳዳውን የምትደፍን ናት አለችኝ። ዘንጉን ብረት ከሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ወስዳ አሠራችው፣ ለመርፌዋ ግን ምትክ ከወልቂጤም ከአዲስ አበባም ጠፋ። "በቃ፣ ጫፏን አስተካክላታለሁ" አለችና በብርጭቆ ወረቀት ስታሻት ዋለች።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን ሞላ። ሱሩርን ከመኪናዋ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ራህማ ቁልፉን ስትጠመዝዘው መኪናዋ ኡህ ኡህ ኡህ አለች፣ ደግማ ኡህ ኡህ፣ ከዚያ ድርርርር! እልልታው ቀለጠ! ጎረቤታችን አቶ ደስታ "ተነሳች! ወላዲተ አምላክ፣ ተነሳች!" እያለ ያጨበጭባል። ራህማ ደግሞ ወርዳ ኮፈኑ ስር አንገቷን ቀብራ ሞተሩን ታዳምጣለች።

ታዲያ ያቺ የታሸች መርፌ ቀዳዳውን አልደፈነችም ለካ! ቤንዚኑ ሞልቶ ፈሶ በጋለው ጭስ ማውጫ ላይ ይንጠባጠባል። ማን ይየው? እኛ እልል እንላለን፣ እሷ ጆሮዋ ሞተሩ ላይ ነው።

"ቤንዚን!"

ግቢውን የሚሰነጥቅ ጩኸት! "ራህማ! ቤንዚን!"

ማን ነው? ማን ተናገረ? ዞር ብል ሱሩር ቆሟል፣ ወንበሩ ተገልብጧል፣ አፉ እንደተከፈተ ነው። ራህማ ደንግጣ ወደ ኋላ ስትዘል ያኔውኑ እሳቱ ቦግ! ቅንድቧን ላሰው፣ ፊቷ ግን ተረፈ። አቶ ደስታ ለግንብ የተከመረውን አሸዋ በአካፋ እያፈሰ ደፋበት፣ ጠፋ።

ወላሂ፣ እሳቱን ያየ ሰው የለም። ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያየው። እኔ መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። ድምፁን ረስቼው ነበር እኮ! ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው የኖርኩትን ሰው ድምፅ ረስቼው ነበር፣ እና መቃብር የተከፈተ ያህል ነው የደነገጥኩት። ሱብሃነላህ! ራህማ ጉልበቱን አቅፋ "አባ፣ ድገመው! ስሜን ድገመው!" ትላለች። እሱም ራሱ ደንግጧል፣ ጉሮሮውን ይዳብሳል፣ የሌላ ሰው ድምፅ የወጣበት ይመስል። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠና "ቤንዚን" አለ። ቀስ ብሎ።

መርፌዋን ኋላ ቶርኖ ቤት ከነሐስ አዲስ ሠሩላት፣ መኪናዋ አሁን እንሴኖ ገበያ ታደርሰናለች። የሱሩር ምላስ ግን እዚያችው ቃል ላይ ቀረ። ውሃ ሲፈልግ "ቤንዚን"፣ እንግዳ ሲገባ "ቤንዚን"፣ ሲናደድ "ቤንዚን!" የራህማ ስም አልተመለሰም፣ እሷ ግን ትጠብቃለች። ሐኪሙም "አንዲት ከወጣች ሌላም ልትወጣ ትችላለች" አለኝ፣ ያ አልዋሽዎትም ያለኝ ሰውዬ!

(ከአድማጮቹ አንዷ፦ "እርስዎንስ፣ እማማ፣ ማን ብለው ነው የሚጠሩዎት?")

እኔንማ? ይኸው አለ አይደል፣ እንጠይቀው። ሱሩር፣ እኔ ማን ነኝ?

("ቤንዚን።")

ሰማችሁ? (ሳቅ) ታዲያ ዋሸ? ያለ እኔ ከዚህ ወንበር ንቅንቅ ይላል እንዴ!